ሐረጎን አልፌያለሁ፦ የፍቅር ኮሜዲ የኦርኬስትራ ማጀቢያ አሠራር

ልጅቷ ኮምቦልቻ መናኸሪያ በር ላይ ቆማ ትጠብቃለች። ልጁ ይደውልና «አብሽሪ፣ ሐረጎን አልፌያለሁ፣ ደረስኩልሽ» ይላታል። ንግግሩን ሳይጨርስ ከጀርባው የታክሲ ረዳት «ፒያሳ! ፒያሳ!» እያለ ሲጣራ ይሰማል። ልጁ ገና ከደሴ አልወጣም። ከደሴ በሐረጎ ተራራ በኩል ኮምቦልቻ የሚያደርሰውን 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ለሚያውቅ ተመልካች ቀልዱ ይኸው ነው፤ የሚጨመርበት የለም።

እዚህ ላይ ኦርኬስትራው ምን ይሥራ? ብዙ ጊዜ የሚሰማው ባሱን (ወፍራም ድምፅ ያለው የትንፋሽ መሣሪያ) ሁለት ወፍራም ኖታ ሲጥል፣ ቫዮሊኖቹም በጣት እየተነጠቁ ሲንጠባጠቡ ነው። ይህ ተመልካቹን «ሳቅ» ብሎ ማዘዝ ነው። የባሰው ግን የረዳቱ ጩኸት በሙዚቃው መዋጡ ነው። ረዳቱ ካልተሰማ ውሸቱ አልተያዘም፤ ውሸቱ ካልተያዘ ቀልድ የለም። ስለዚህ ኦርኬስትራው እዚህ ዝም ማለት አለበት። ሳቁ የተዋናዩና የረዳቱ ነው። ሙዚቃ የሚያስፈልገው ልጁ ስልኩን ዘግቶ የምሩን መሮጥ ሲጀምር ነው፤ ያኔ የምናየው ውሸታም ሳይሆን አፍቃሪ ነውና። ሳቁን ለተዋናይ ትቶ ፍቅሩን መያዝ የፍቅር ኮሜዲ ማጀቢያ ትልቁ ሥራ ነው።

አቀናባሪው አንድም ኖታ ሳይጽፍ ከዳይሬክተሩና ከኤዲተሩ ጋር ፊልሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እያቆመ ያያል። ሙዚቃ የሚገባበትና የሚወጣበት ቦታ በሰዓት፣ በደቂቃ፣ በሰከንድና በፍሬም (በፊልሙ ነጠላ ሥዕል) ይመዘገባል። በሰከንድ 25 ፍሬም በተቀረጸ ፊልም ላይ አንድ ፍሬም 0.04 ሰከንድ ናት፤ ለድራማ ትንሽ፣ ለኮሜዲ ግን ሦስትና አራት ፍሬም ሳቅ ታበላሻለች። ለ95 ደቂቃ ፊልም ከ35 እስከ 45 ደቂቃ ሙዚቃ ይበቃል እላለሁ። ከዚያ ሲበዛ ተመልካቹ መስማት ያቆማል። በኮምፒውተር ኦርኬስትራ በደንብ የተሠራ ሙዚቃ በቀን ከ2 ደቂቃ ብዙም አያልፍም። ስለዚህ 40 ደቂቃ ማለት ቢያንስ 20 የሥራ ቀን ነው፤ እርማቱ ሳይቆጠር። ፕሮዲውሰሩ «በሳምንት አድርስልኝ» ሲል ይህን ስሌት ማሳየት ከክርክር ያድናል።

መግቢያ ነጥብ ሲመረጥ የአማርኛን ጠባይ ማወቅ ግድ ነው። ከውጭ ፊልም የተማርነው ልማድ እዚህ ላይ ያሳስተናል። በአማርኛ ግሡ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው፤ የቀልዱም ሆነ የፍቅሩ ፍሬ ብዙ ጊዜ የመጨረሻዋ ቃል ላይ ተንጠልጥሏል። ልጅቷ «አንተን ማግባት አልፈልግም ነበር» ብትል ነገሩን ሁሉ የምትገለብጠው «ነበር» ናት። «አልፈልግም» ላይ ቼሎዎቹ ሐዘን ይዘው ከገቡ «ነበር» ስትመጣ ሙዚቃው ውሸታም ሆኖ ይቀራል። «ነበር» ላይ አብረው ከገቡ ደግሞ ቃሏን ይሸፍኗታል። የሚሻለው ከ«ነበር» በኋላ ቢያንስ 1 ሰከንድ ባዶ መተው፣ የልጁ ፊት እንዲረዳው መፍቀድ፣ ከዚያ አንድ ክላሪኔት ለስለስ ብሎ እንዲገባ ማድረግ ነው።

መጥበቅና መላላትም አለ። «ይበላል» ላልቶ ሲነገር አንድ ሰው ሊበላ ነው፤ ጠብቆ ሲነገር ራሱ ሊበላ ነው። ኮሜዲ ጸሐፊዎች እንዲህ ባሉ ቃላት መጫወት ይወዳሉ። ልዩነቱን የሚሸከመው ከሩብ ሰከንድ ያነሰ የተነባቢ ርዝመት ነው፤ እዚያው ላይ ያረፈ የፒዚካቶ (በጣት የሚነጠቅ ክር) ምት ወይም ትሪያንግል ቃሉን ወደ ሌላ ቃል ይለውጠዋል። ቀ፣ ጠ፣ ጨ እና ጸ ደግሞ ከመፈንዳታቸው በፊት ትንሽ ዝምታ አላቸው። ያ ዝምታ በቫዮሊን ከተሞላ ንግግሩ የደበዘዘ ይመስላል። ድምፅ መሐንዲሱ በኋላ ድምፅ በመቀነስ ብቻ አያድነውም። መፍትሔው ከጽሕፈቱ ይጀምራል፦ ከንግግር ሥር ረጃጅም የማይንቀሳቀሱ ኖታዎች፣ በንግግር መካከል ባሉ ክፍተቶች ደግሞ እንቅስቃሴ። ብቻውን የሚጫወት ኦቦ የተባለው የትንፋሽ መሣሪያ ከንግግር ሥር በፍጹም አይቀመጥ፤ ድምፁ እንደ ሰው ስለሚሰማ ጆሮ ከተዋናዩ ይሰርቃል።

አሁን ወደ መናኸሪያው ትዕይንት እንመለስና ስሌቱን እንሥራ። የረዳቱ ጩኸት 11.5ኛው ሰከንድ ላይ ያልቃል። ለሳቅ 2 ሰከንድ፣ ማለትም 50 ፍሬም እንተዋለን። ሙዚቃው 13.5 ላይ ይገባል። 33.5 ላይ ሚኒባሱ ከሐረጎ ጉም ወጥቶ የኮምቦልቻ ሜዳ ከታች ይታያል። 45.5 ላይ ልጅቷ ዞር ስትል ታየዋለች። ከመግቢያው ጀምሮ ሲቆጠር መያዣ ነጥቦቻችን (ሙዚቃው ከሥዕሉ ጋር የሚገጥምባቸው ቅጽበቶች) 20 ሰከንድና 32 ሰከንድ ላይ ናቸው ማለት ነው።

የምት ብዛት ለማግኘት ሰከንዱን በፍጥነቱ አባዝቶ ለ60 ማካፈል ነው። በጆሮ 92 ምት በደቂቃ ጥሩ መሰለን እንበል፦ 32 ሲባዛ በ92፣ ሲካፈል ለ60፣ 49.07 ይሆናል። ይህ የትም የማያርፍ ቁጥር ነው። 48 ምት ብንፈልግ ፍጥነቱ 48 ሲባዛ በ60፣ ሲካፈል ለ32፣ ልክ 90 ይመጣል። በ90 የመጀመሪያው ነጥብ 30 ምት ሲያልፍ ይውላል፤ በአራት ምት ሜዠር (የምቶች ምድብ) ሲቆጠር የስምንተኛው ሜዠር መካከል ነው። ጉሙ የሚገለጥበት ቅጽበት በሜዠር መካከል ሲውል ደካማ ስለሚሆን ስምንተኛውን ሜዠር ባለ ሁለት ምት ማድረግ ነው። 7 ሙሉ ሜዠር፣ 1 ግማሽ፣ 4 ሙሉ፣ 1 ግማሽ፤ ድምሩ 48 ምት። ሁለቱም ነጥቦች በሜዠር መጀመሪያ ላይ ያርፋሉ፤ ሰሚውም አጭሯን ሜዠር እንደ ትንፋሽ ይሰማታል እንጂ እንደ ስሕተት አይቆጥራትም።

ኤዲተሩ በኋላ 1 ሰከንድ ቢቆርጥ ፍጥነቱ ወደ 92.9 ይወጣል፤ ሙዚቃው ጠባዩን አይለውጥም። 4 ሰከንድ ቢቆርጥ ግን 102.9 ይሆናል፤ ይህ ሌላ ሙዚቃ ነው። ያኔ አንድ ሙሉ ሜዠር አውጥቶ በ44 ምት ማስላት ይሻላል፤ 94.3 ይመጣል። የመጀመሪያው ነጥብ ግን እንደገና መታየት አለበት።

ስለ ቅኝት ደግሞ ለወሎ ሰው መናገር ድፍረት ቢመስልም፣ ኦርኬስትራ ሲገባ የሚበላሸው ይኸው ነው። አምባሰልና ባቲ ስማቸውን የወሰዱት ከዚሁ አካባቢ ነው፤ አንዱ ከደሴ በስተሰሜን፣ ሌላው ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ። ፊልሙ እዚህ ከተቀረጸ ቅኝቶቹ የግድ ይመጣሉ። ችግሩ ዜማውን ለቫዮሊን ሰጥቶ ከሥሩ በፒያኖ የተለመዱ ኮርዶችን (አብረው የሚመቱ ድምፆችን) መደርደር ነው።

አምባሰልን ከዶ ብንነሣ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው። ልብ በሉ፦ እነዚህ አምስት ድምፆች ከፋ ቢጀመሩ ልክ የፋ ትዝታ ማይነር ናቸው። በአንድ ክራር ወይም በአንድ ማሲንቆ ዜማው ራሱ ወደ ዶ ስለሚመለስ አምባሰልነቱ አይጠፋም። ኦርኬስትራ ውስጥ ግን ኮንትራባሱ አንድ ረጅም ፋ ከያዘ ሰሚው ማረፊያውን ፋ ያደርገዋል፤ አምባሰሉ በሦስት ሰከንድ ትዝታ ይሆናል። በዚህ ቅኝት ውስጥ በዶ ላይ የሚቆም ሙሉ ባለ ሦስት ድምፅ ኮርድ የለም፤ ያሉት የፋ ማይነርና የሬ ፍላት ሜጀር ናቸው። ስለዚህ ኮርድ የለመደ እጅ ሳያስበው ወደ ፋ ይሄዳል። መድኃኒቱ ቤዝ ላይ ዶና ሶልን ብቻ እንደ በገና ሥር ድምፅ ይዞ መቆየት፣ ሬ ፍላትን ለቪዮላ መስጠትና ከዶ ጋር እየተጋጨች እንድትቀልጥ መተው ነው። ያ ግጭት የአምባሰል ቁም ነገር ነው፤ «ስሕተት መሰለኝ» ብሎ የሚያጠፋው አቀናባሪ አምባሰሉን አጠፋው።

ባቲ ማይነርም ተመሳሳይ ወጥመድ አለው። ዶ፣ ሚ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ፍላት ከሚ ፍላት ቢነሡ ትዝታ ሜጀር ናቸው። ባቲ ሜጀር (ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ) ሌላ ፈተና ያመጣል። ሲ ወደ ዶ ስለምትገፋ እጅ ወዲያው የሶል ሜጀር ኮርድ ይይዛል፤ በኮርዱ ውስጥ ያለችው ሬ ግን በቅኝቱ የለችም። ሬ በገባች ቅጽበት ባቲው ይሄድና የአውሮፓ ሰርግ ይመጣል። በምትኩ ሚ፣ ሶልና ሲን አንድ ላይ መያዝ፣ ማለትም የሚ ማይነር ኮርድ፣ ቅኝቱ ውስጥ ያለና ለፍቅር ትዕይንት ውብ ድምፅ ነው።

ለግራ መጋባት ትዕይንቶች አንቺሆዬን የሚያህል የለም። ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ፤ በውስጡ ፋ ሜጀርም አለ፣ ፋ ሻርፕ ማይነርም አለ (ሶል ፍላትን ፋ ሻርፕ፣ ሬ ፍላትን ዶ ሻርፕ ብሎ ለሚያነብ)። ሁለቱ ኮርዶች ላን ይጋራሉ። ላን በክላሪኔት ይዞ ሌሎቹን ከሥር ማንሸራተት ልጁ ሁለት ሴቶችን በአንድ ካፌ የቀጠረበትን ትዕይንት ያለ አንድ የባሱን ቀልድ ይሸከመዋል።

ዋናው የፍቅር ዜማ አጭር ይሁን፤ 8 ኖታ ይበቃዋል። እሱንም ቶሎ አትጨርሱት። ሲተዋወቁ የመጀመሪያዎቹ 3 ኖታዎች ብቻ፣ በአንድ ክላሪኔት። ሲግባቡ 5፣ በቪዮላዎች። ሲጣሉ እነዚያው 5 ኖታዎች ያለ ማረፊያቸው፣ ያለ ቤዝ። ስምንቱም በሙሉ ኦርኬስትራ የሚሰሙት አንዴ ነው፤ መጨረሻ ላይ። የሐረጎው ሩጫ የፊልሙ መካከል ከሆነ 45.5 ላይ ልጅቷ ስታየው ዜማው አምስተኛው ኖታ ላይ ቆሞ ይንጠልጠል። ተመልካቹ ቀሪዎቹን 3 ይጠብቃል፤ ለ40 ደቂቃ ያህል ሳያውቀው ይጠብቃል።

ትልቅ ኦርኬስትራ ለዚህ ዓይነት ፊልም ጠላት ነው። 14 አንደኛ ቫዮሊን፣ 12 ሁለተኛ፣ 10 ቪዮላ፣ 8 ቼሎና 6 ኮንትራባስ ለጦርነት ፊልም ይሁን። ለሁለት ወጣቶች 6፣ 5፣ 4፣ 3 እና 2 ይበቃል፤ ከዚያ አንድ ፍሉት፣ አንድ ኦቦ፣ አንድ ክላሪኔት፣ አንድ ባሱን፣ ሁለት ሆርን፣ ሃርፕና አንድ የምት ተጫዋች። 28 ሰው። በኮምፒውተር ስትሠሩም ይህን ቁጥር በአእምሯችሁ ያዙት። «14 ቫዮሊን» በሚል የተቀረጸ ድምፅ ላይ ባለ ሦስት ኖታ ኮርድ ከተጫወታችሁ 42 ቫዮሊን ፈጠራችሁ፤ ድምፁ ወፍሮ እንደ ኪቦርድ የሚሰማው በዚህ ምክንያት ነው። እያንዳንዱን መስመር ለየብቻ መጻፍ አማራጭ የለውም።

ለመጀመር ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ኖታ የሚጻፍበት ሙዝስኮር ነፃ ነው፤ ስፒትፋየር ላብስ ከተባለው የተቀረጹ ድምፆች ስብስብም ነፃ የክርና የትንፋሽ ድምፆች ይገኛሉ፤ ሪፐር የተባለው የመቅረጫ ፕሮግራምም ቪዲዮውን ከሙዚቃው ጋር አስሮ ያጫውታል። የጀማሪን ሥራ ቶሎ የሚያስለየው ሞዱሌሽን (ቁጥር 1) እና ኤክስፕረሽን (ቁጥር 11) የሚባሉት መቆጣጠሪያዎች አለመንቀሳቀሳቸው ነው። እውነተኛ ቫዮሊን ተጫዋች አንድ ኖታ ለ4 ሰከንድ ሲይዝ ድምፁ ያብጣል፣ ይከስማል። መስመሩ ቀጥ ያለ ከሆነ ጆሮ ማሽን መሆኑን ያውቃል። ሌላው መዘግየት ነው። ተያይዘው የሚጫወቱ የክር ድምፆች ከምቱ 100 ሚሊ ሰከንድና ከዚያም በላይ ዘግይተው የሚሰሙባቸው ላይብረሪዎች (የተቀረጹ ድምፆች ስብስቦች) አሉ። ፒዚካቶው በሰዓቱ፣ ዜማው ዘግይቶ ሲመጣ ሁሉም የሰከረ ይመስላል። ዜማውን የያዘውን ትራክ በዚያው ልክ ቀድሞ እንዲጀምር መሳብ ነው።

በኮምፒውተሩ ላይ አንድ የእውነት ቫዮሊን መጨመር ነገሩን ይቀይረዋል። አንዱን ተጫዋች 4 ጊዜ፣ በየጊዜው ወንበሩን ከማይክሮፎኑ ትንሽ እያዛወሩ መቅረጽና ከላይብረሪው በላይ ማስቀመጥ። ዜማው የወሎ ሽታ እንዲኖረው ከተፈለገ በአንድ ክር ላይ እያንሸራተተ ይጫወት፤ ማሲንቆ አንድ ክር ነውና።

ማሲንቆ፣ ክራርና ዋሽንት ሲገቡ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። መጀመሪያ እነሱን ቅረጹ፣ ኦርኬስትራውን በእነሱ ልክ ቃኙ። ማሲንቆና ክራር እንደገና ይቃኛሉ፤ ዋሽንት ግን ቀዳዳው አንዴ ተበስቷል። ሙቀትም ይቆጠራል። በዋሽንቱ ውስጥ ያለው አየር በ10 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ድምፁ እስከ 30 ሴንት፣ ማለትም የግማሽ ድምፅ ሲሶ ያህል ሊወርድ ይችላል። የተጫዋቹ ትንፋሽ ስለሚያሞቀው ብዙ ጊዜ ከዚህ ያንሳል። ግማሹን ትዕይንት በደሴ ጠዋት ብርድ፣ ሌላውን ኮምቦልቻ ከሰዓት በኋላ ሙቀት ውስጥ የቀረጸ ሰው ሁለቱን ሲያገጣጥም የሚያመው ለዚህ ነው። ተጫዋቹ ከመቅረጹ በፊት 10 ደቂቃ ያህል ይንፋበት። ማሲንቆንና ፍሉትን ደግሞ አንድ ዜማ በአንድ ከፍታ አብራችሁ አታስጫውቱ። የማሲንቆው ቅኝት ከፒያኖ ቅኝት ጋር ልክ አይገጥምም፤ ለየብቻ ውብ የሆኑት ሁለቱ አንድ ላይ የተሳሳቱ ይመስላሉ። ተራ በተራ ይመላለሱ።

የመቅረጫ ክፍሉ ጣሪያ ቆርቆሮ ከሆነ ሐምሌና ነሐሴ ከሰዓት በኋላ አትቅጠሩ። ዝናቡ ከፍተኛ ድምፆች ላይ ስለሚያርፍ ከዋሽንቱ መለየት አይቻልም። አዛን ሰዓቱ የታወቀ ነው፤ ቀረጻውን በሶላቶች መካከል ማድረግ ቀላል ነው። ግድግዳ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ መሬት ላይ ምንጣፍ፤ ለአንድ ማሲንቆ ይህ ይበቃል። መብራት ከሄደ የሚጠፋው የመጨረሻው ቅጂ ስለሆነ ከእያንዳንዱ ቅጂ በኋላ ማስቀመጥን ልማድ አድርጉ።

የሚረከበው 48 ሺህ ኸርዝ፣ 24 ቢት ፋይል ነው። በስሕተት በ44.1 ሺህ የሚነበብ ከሆነ ሙዚቃው 9 በመቶ ገደማ ይረዝማል፣ አንድ ተኩል ግማሽ ድምፅ ያህልም ይወርዳል፤ ማለትም ከአንድ ግማሽ ድምፅ በላይ፣ ከሁለት በታች። ፊልሙ በሰከንድ በ24 ፍሬም ተቀናብሮ በ25 ከወጣ ደግሞ 32 ሰከንዳችን 30.72 ትሆናለች፤ ልጅቷ ዞር ብላ አይታው ከጨረሰች በኋላ ኦርኬስትራው ይደርሳል። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ኤዲተሩን ፍሬሙን በጽሑፍ ጠይቁት። ክሮች፣ ትንፋሾች፣ ሆርኖች፣ ምቶችና የባህል መሣሪያዎች በተለያየ ፋይል፣ ሁሉም ከተመሳሳይ ሰከንድ ጀምረው ይሰጡ። ንግግር ሲሸፈን ሆርኑን ብቻ ዝቅ ማድረግ የሚቻለው እንዲህ ሲሆን ነው። ከንግግር ሥር ካሉት ላይ ከ2 እስከ 4 ሺህ ኸርዝ ባለው ቦታ 2 ወይም 3 ዴሲቤል መቀነስም ተነባቢዎቹን ያወጣቸዋል።

አንድ ነገር ቀረ። ለሳቁ የተውናት 2 ሰከንድ በጠባብ ስቱዲዮ የተገመተች ናት። አዳራሽ በሰው ሲሞላ «ፒያሳ! ፒያሳ!» ላይ ሳቁ 4 ሰከንድ ሊሄድ ይችላል፤ ያኔ የሙዚቃው መግቢያ ከሳቁ ሥር ይቀበራል። ስለዚህ ከሙሉው ሙዚቃ በፊት ብቻውን የሚቆም፣ ዜማ የሌለው፣ በቪዮላዎች የተያዘ አንድ ረጅም ዶ በ6 ሰከንድ ለብቻው ቀርጻችሁ ከፋይሎቹ ጋር ስጡ። ከሙከራ ዕይታው በኋላ ኤዲተሩ ሥዕሉን ትንሽ ሲያስረዝም ያችን ዶ የሚፈልገውን ያህል ቆርጦ ያስገባታል፤ 90 ምቱ ሳይነካ፣ ሐረጎው ጉም ሳይዛነፍ።